የአንድ የድሮ ሱቅ ደጃፍ ሞዛይክ እና ጥገናው

ባሕር ዳር ላይ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ደጃፉ ላይ የድንጋይ ሞዛይክ ያለው አንድ የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለ። ሞዛይኩ ሰሞኑን ተጠግኗል። የሱቁንም የባለሙያውንም ስም አንጠቅስም፤ የምንመዝነው ሥራውን ነው። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ ያህል፣ ፍሬዎቹን፣ ማለትም ሞዛይኩ የተሠራባቸውን ትናንሽ ቁራጮች፣ አንስቶ መልሶ የመደርደሩ ሥራ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው ድብልቅ፣ ግራውቱ፣ ለዚህ ዓይነት ወለል አይሆንም። መጨረሻ ላይ የተደረገው የአሲድ እጥበት ደግሞ ጥገናው ያዳነውን ድንጋይ መልሶ ጎድቶታል።

ደጃፉ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። በመንገዱ በኩል 1.60 ሜትር፣ በበሩ በኩል 1.10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 90 ሴ.ሜ. ስለሆነ ስፋቱ 1.2 ካሬ ሜትር ያህል ነው። መደቡ ነጭ፣ ጠርዙ ሁለት ረድፍ ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ስምንት ቅጠል ያላት ቀይና ጥቁር አበባ አለች። ከአበባዋ ሥር፣ ከመንገድ ለሚገባ ሰው ቀና ሆኖ የሚነበብ «ባሕር ዳር» የሚል ጽሑፍ ተደርድሯል። የመደቡ ፍሬዎች 2 ሴ.ሜ. ካሬ ሲሆኑ የፊደሉና የአበባው ግን 1 ሴ.ሜ. ናቸው። ይህን የመረጠ ሰው ፊደላችንን ያውቅ ነበር። 15 ሴ.ሜ. ቁመት ያለውን ፊደል በ1 ሴ.ሜ. ፍሬ ሲሠሩት 13 ረድፍ ይገኛል፤ የ«ሕ»ን ቅጥያ ለማሳየት ይህ ይበቃል። በ2 ሴ.ሜ. ፍሬ ከሆነ ግን 7 ረድፍ ብቻ ስለሚሆን ቅጥያው ከእግሩ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል።

ዋጋ ለሚተምን ሰውም ይኸው መጠን ወሳኝ ነው። በ2 ሚ.ሜ. ክፍተት ሲደረደር አንድ ካሬ ሜትር ወደ 2,070 ባለ 2 ሴ.ሜ. ፍሬ ይወስዳል። ባለ 1 ሴ.ሜ. ፍሬ በ1.5 ሚ.ሜ. ክፍተት ከሆነ ግን ቁጥሩ ወደ 7,560 ይደርሳል። ስለዚህ የእጅ ዋጋን እንደ ሴራሚክ በካሬ ብቻ የሚነግር ባለሙያ ወይ ሥራውን አላየውም፣ ወይ ፊደሉን በትልቅ ፍሬ ሊሠራው አስቧል።

የሱቅን ስም ወይም ምልክት ደጃፍ ላይ በሞዛይክ መጻፍ በአውሮፓ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። በብሪታንያ ከተሞች እስከ እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ድረስ ሥጋ ሻጩም ወተት ሻጩም ጫማ ሻጩም ደጃፉን እንዲህ ያስነጥፍ ነበር። ደጃፉ በመስኮቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዕቃ ለማየት የቆመ ሰው ስሙን ከእግሩ ሥር ያነበዋል፤ ጭቃና ደም የነካው ወለልም በባልዲ ውሃ ይጸዳል። ከላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ሲወርድ የወለሉን ጽሑፍ ግን ለመፈንቀል ብዙ ድካም ስለሚጠይቅ ይቀራል። የሱቆቹ ንግድ ከተለወጠ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የድሮ ስማቸው ዛሬም የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጌጥ ለተራ ነጋዴ አቅም የቀረበው በአንድ ዘዴ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በፍሪዩሊ፣ ሴኳልስ እና ስፒሊምቤርጎ የሚባሉ ቦታዎች የሞዛይክና የቴራዞ (የድንጋይ ስብርባሪ በሲሚንቶ ተደባልቆ የሚለሰልስ ወለል) ባለሙያዎች አገር ናቸው። የሴኳልሱ ተወላጅ ጃን ዶሜኒኮ ፋኪና (እ.ኤ.አ. 1826–1903) ፍሬዎችን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ገልብጦ የመለጠፍን ዘዴ አስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1875 የተመረቀው የፓሪሱ ኦፔራ ቤት ሞዛይክም በእሱ እጅ ተሠራ። ከዚያ በፊት ሞዛይከኛው ሥራው ቦታ ላይ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ፍሬ እርጥብ ኖራ ውስጥ ይተክል ነበር። በወረቀቱ ዘዴ ግን ሥራው በአብዛኛው ወርክሾፕ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፤ ቁጥር ተሰጥቶት በክፍል በክፍል ይጓጓዛል፤ ደጃፉ ላይ የሚቀረው የመትከል ሥራ የአንድ ሁለት ቀን ብቻ ይሆናል። ስፒሊምቤርጎ ላይ እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተው የሞዛይክ ትምህርት ቤት አሁንም ሙያውን ያስተምራል።

ወደ እኛ አገር የመጣው ከሲሚንቶ ጋር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ። ወረራው በ1933 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም በርካታ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች እዚሁ ቀርተው በግንባታ ሥራ ኖሩ፤ አብረዋቸው የሠሩ ኢትዮጵያውያንም ቴራዞውንና የሲሚንቶ ንጣፉን ወረሱ። የጣና ዳርቻ ግን ከዚያ በፊትም የኖራ አገር ነበር። ሰሜን ዳር ጎርጎራ ላይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1607–1632) በኖራ ተገንብቶ፣ ድንጋዩ በአበባ ቅርጽ ተፈልፍሎ የቆመው የማርያም ግንብ ፍራሽ ምስክር ነው። የወለል ሞዛይክ ልማድ ግን ከዚያ አልመጣም።

ስለዚህ ደጃፍ የሚነገረው «ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው ነው» የሚል ነው። እኛ አይመስለንም። ጽሑፉ በአማርኛ ብቻ ነው፤ በወረራው ዘመን ባሕር ዳር ገና ትንሽ ከተማ ነበረች። ነጋዴ ለደጃፉ ገንዘብ የሚያወጣበት ዘመን የመጣው በኋላ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋሙ ወዲህ ከተማዋ ስትሰፋ ነው። ከሥር የተገኘው፣ ፍሬዎቹ የተተከሉበት መደብም ግራጫ ፖርትላንድ ሲሚንቶ እንጂ ኖራ አይደለም። ጥቁሩ ፍሬ ደግሞ የአካባቢው ድንጋይ ነው። ጣና ራሱ ላቫ ገድቦት የተፈጠረ ሐይቅ ስለሆነ ደቡብ ዳርቻው ጥቁር ባዛልት ሞልቶታል። የዚህ ወለል ጥቁር ፍሬ ከዚያው መካከል ቀዳዳ የሌለው ጠጣሩ ተመርጦ የተሰበረ ነው። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ወደ 1950ዎቹና ወደ አገር ልጅ እጅ ያጋድላሉ።

ወለሉ በዘዴው ላይም ይመሰክራል። ፊቱ ውሃ ልክ ቢጋደምበት ሞገድ የለውም። በየ50 ሴ.ሜ. ገደማ ደግሞ ክፍተቱ ከ2 ወደ 3 ሚ.ሜ. የሚሰፋበት ቀጥ ያለ መስመር ይታያል፤ ሁለት ወረቀቶች የተገናኙበት ነው። በቀጥታ በእጅ የተተከለ ቢሆን ኖሮ ፍሬዎቹ ትንሽ ትንሽ ይዘማመሙ፣ መስመሩም አይኖርም ነበር።

የትኛው ቀለም ይበልጥ እንደተበላ ለማወቅ ጣት ይበቃል። በፊደሉ ላይ ቀስ ብሎ ጣት ሲሄድ ጥቁሩ ከነጩ ከፍ ብሎ ይሰማል። ነጩ እብነ በረድ ነው፤ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 3 ያህል ነው፣ ባዛልቱ ግን 6 ይጠጋል። ጫማ ይዞት የሚገባው አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ስለሆነ እብነ በረዱን ቶሎ ይበላዋል። የአበባዋ ቀይ ቅጠል ደግሞ የተቀጠቀጠ የሸክላ ጡብ ስለሆነ ከሁሉም በታች ጎድጉዷል። ይህን ከፍታና ዝቅታ «ለማስተካከል» በማሽን መላጨት ትልቅ ጥፋት ነው። ባለሙያው ይህን ሳይነኩ መተዋቸውን ወደድንላቸው።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። የተበላሸው በቀኝ በኩል፣ የብረት መዝጊያው መቀርቀሪያ የሚገባበት ቦታ ዙሪያ፣ 0.35 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። መነሻው መቀርቀሪያው የሚቀመጥበት የብረት ቧንቧ ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ በሲሚንቶ ውስጥ ታሽጎ ሲያብጥ ዙሪያውን ይፈነቅለዋል። ስንጥቁ አንዴ ከተከፈተ የክረምት ውሃ ወደ መደቡ ይገባል። ከመደቡ በታች ያለው ዋልካ አፈር ደግሞ ሲርስ አብጦ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፍሬዎቹ ተይዘው ያሉ እየመሰሉ ከሥራቸው ይላቀቃሉ። ይህን የሚያሳየው ድምፅ ነው፦ በእንጨት እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱት ጠንካራው ቦታ ድርቅ ያለ፣ የተላቀቀው ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በዚህ መንገድ የተላቀቀውን ወሰን በጠመኔ ማክበብ ከማንኛውም ጥገና በፊት ይቀድማል።

ባለሙያው ሥራቸውን የጀመሩት ከዚህ ነው፤ ቀጥሎ የሠሩትም ቅደም ተከተል ሊቀዳ የሚገባው ነው። ግልጽ ላስቲክ ዘርግተው እያንዳንዱን ፍሬ በማርከር ነደፉ፤ በየ20 ሴ.ሜ. የሰሜን አቅጣጫና ቁጥር ጻፉ፤ ከላይ ቀጥ አድርገው ፎቶ አነሡ። ከዚያ ፍሬዎቹን በቀጭን መሮ ከጠርዝ ወደ መሐል አነሷቸው። መሮው ከፍሬው ሥር እንጂ ከላይ አልመታም፤ እብነ በረድ ከላይ ሲመታ ማዕዘኑ ይፈረፈራልና። የፍሬዎቹን ጀርባ ከአሮጌ ሲሚንቶ አጽድተው በየቁጥሩ ለዩዋቸው። ፍሬዎቹ ከ8 እስከ 10 ሚ.ሜ. ውፍረት አላቸው። የተሰበሩትን በነጭ እብነ በረድ ቁራጭና በአካባቢው ባዛልት ተኳቸው፤ የጠፉትን የሸክላ ፍሬዎች ከአሮጌ ጡብ ቆረጡ። አዲስ ጡብ ቀለሙ ስለሚደምቅ ይህም ትክክል ነው።

አሮጌው መደብ እስከ 5 ሴ.ሜ. ተቆፍሮ ወጣ፤ የዛገው ቧንቧም ተነሣ። አዲሱ መደብ 3 ሴ.ሜ. ሲሆን በ1 ሲሚንቶ 3 አሸዋ ተሠርቷል። ለ0.35 ካሬ ሜትር ይህ ወደ 5 ኪሎ ሲሚንቶና 10 ሊትር ተኩል አሸዋ ማለት ነው። አሸዋው መታጠብ አለበት፤ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ነቅንቆ ሲያሳድሩት ከላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ አይሆንም። የውሃው መጠንም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ ውሃ ሳያንጠባጥብ መቆየት አለበት። ውሃ ከበዛበት በፍሬዎቹ መካከል ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ካነሰው ፍሬውን አይዝም። ወደ መንገዱ የሚያዘነብለው 1.5 ሴ.ሜ. ቁልቁለትም ተጠብቋል። ይህ ከጠፋ ውሃው በሩ ሥር ይቆማል።

ፊደሉ ላይ ባለሙያው የድሮውን የወረቀት ዘዴ መረጡ። የተበላሸው የ«ዳ» ግማሽ ነበር። 100 ግራም የስንዴ ዱቄት በግማሽ ሊትር ውሃ ተቀቅሎ ሙጫ ይሆናል፤ ፍሬዎቹ በፊታቸው ወፍራም ካኪ ወረቀት ላይ ይለጠፋሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ንድፍ ግራ ቀኙ የተገለበጠ መሆን አለበት። በላቲን ፊደል ይህ ሲረሳ ስሕተቱ ወዲያው ዓይን ይወጋል። በእኛ ፊደል ግን ትክክለኛ የሚመስል ሌላ ፊደል ስለሚወጣ ስሕተቱ ይደበቃል። የ«ባ» ረጅም እግር በቀኝ ነው፤ ሲገለበጥ በግራ ይሆንና «ቦ» ይሆናል። «ዳ»ም በዚሁ መንገድ «ዶ» ይሆናል። ንድፉን ከመለጠፍ በፊት መስታወት ፊት ይዞ ማንበብ ይህን ያስቀራል። እዚህ ግን «ዳ»ው እንደ ጥንቱ ቆሟል።

መደቡ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ. የነጭ ሲሚንቶ ልስን ይቀባል፤ ወረቀቱ ይጋደማል፤ በጠፍጣፋ ጣውላ ይደበደባል። ይህ ሁሉ መደቡ ሳይጠጥር፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ ማለቅ አለበት። ከዚያ ወረቀቱ በስፖንጅ ይረጥባል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲቆይ ሙጫው ይለቃል። ወረቀቱን ወደ ላይ የሚስብ ሰው ፍሬውን ይነቅላል፤ ከወለሉ ጋር ጎን ለጎን መሳብ ነው። በአዲሱና በአሮጌው መካከል የከፍታ ልዩነት በእግር አይሰማም። ይህን ያህል የጠራ መጋጠሚያ ባሕር ዳር ውስጥ ማየት ያስደስታል።

ግራውቱ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። የተጠቀሙት ለሴራሚክ የሚሸጠውን ዝግጁ ግራጫ ግራውት ነው። የድሮው ክፍተት ነጭ ሲሚንቶና የእብነ በረድ ዱቄት ስለሆነ አዲሱ ቦታ በሩቅ እንደ ጥላ ጠቁሮ ይታያል። ነጩ መደብም የቆሸሸ መስሏል። ከመልኩ በላይ ግን ጥንካሬው ያሳስባል። ዝግጁው ግራውት ከአሮጌው ክፍተት ይበልጥ ጠጣርና እርጥበት የማያሳልፍ ስለሆነ ከሥር የሚነሣው እርጥበት በአሮጌው ክፍል በኩል መውጣትን ይመርጣል፣ ጨውንም እዚያው ይጥላል። ትክክለኛው ድብልቅ ቀላል ነው። እኩል በእኩል ነጭ ሲሚንቶና የተነፋ የእብነ በረድ ዱቄት ተደባልቆ፣ ውሃው እንደ አጥሚት እስኪወፍር ይጨመርበታል። ክፍተቱ አስቀድሞ ይረጥባል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል። ከዚያ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢቻል 7 ቀን ሳይረገጥ ይቆያል። ሱቅ ሲሆን 7 ቀን ረጅም ነው። በሩ ላይ ጣውላ ድልድይ ሆኖ ከሁለቱ ግድግዳ ጥግ ላይ ቢያርፍ ደንበኛም አይቀርም፣ ወለሉም ይድናል።

ቀጥሎ የመጣው አሲድ ነው። ፊቱ ላይ የቀረውን የሲሚንቶ ጉም ለማንሣት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፈሶበታል። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይሟሟል። ለዓመታት በጫማ የለሰለሰው ፊት ሻካራ ሆነ፣ አዲሱ ግራውት ዙሪያ ያለው አሮጌ ክፍተትም ተከፈተ። አሲዱ የሚተወው ክሎራይድ ደግሞ አዲሱን የመቀርቀሪያ ብረት ያዝገዋል፤ ጉዳቱ የጀመረበት ቦታ ላይ ተመልሶ ማለት ነው። ይህ ሊስተካከል ይችላል። በውሃ ደጋግሞ አጥቦ፣ በ120፣ ቀጥሎ በ220፣ መጨረሻ በ400 ቁጥር መሞረጃ ድንጋይ በእጅ፣ በውሃ እየራሰ ማለስለስ ነው። ከ1 ሚ.ሜ. በታች ብቻ ይነሣል፤ 8 ሚ.ሜ. ውፍረት ይችለዋል። ቀዩ የሸክላ ቅጠል ግን አይነካም። በደረቅ ግራይንደር መሥራት አይታሰብም፤ ወለሉን ያጎደጉዳል፣ ጠርዙንም ያቃጥላል።

በዚህ አጋጣሚ በየሴራሚክ ሱቁ የሚሸጠውን በመረብ ላይ የተለጠፈ 30 በ30 ሴ.ሜ. የመስታወት ሞዛይክም እንይ። ለሱቁ ባለቤት አማራጭ ሆኖ ቀርቦ ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ሥራውም ፈጣን። ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ጥሩ ዕቃ ነው። ለድሮ ደጃፍ ግን ሦስት ነገር ያጎድላል። ፍሬው ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ ከአሮጌው ጋር ለማስተካከል መደቡ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። መስታወቱ ሲርስ ያንሸራትታል። መረቡም ፍሬውን በቀጥታ ረድፍ ስለሚይዘው የፊደልን ቅጥያ ማጠፍ አይቻልም። ባለቤቱ ይህን አለመቀበላቸው ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ደጃፉን ያዳነው በመጀመሪያ እሱ ነው።

ተመሳሳይ ወለል ያለው ሰው ባለሙያ ሲያነጋግር ሥራውን በቀን ወይም በፍሬ ቁጥር ቢዋዋል ይሻላል። በኮንትራት የተጣደፈ እጅ ፍሬ ከማጽዳት ይልቅ አዲስ ይቆርጣል። ውሉ ላይ «አሲድ አይገባም» እና «ግራውቱ ነጭ ሲሚንቶና እብነ በረድ ዱቄት ይሆናል» የሚሉት ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ። የሥራው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በክረምት መደቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ ይታሸጋል፤ በመጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ፀሐይና ነፋስ ግራውቱን ቶሎ ስለሚያደርቁት ይሰነጠቃል። በነዚህ ወራት መሥራት ግድ ከሆነ ጥላና ጆንያ የግድ ናቸው።

ለእንክብካቤው ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በረኪና፣ ኮምጣጤና ሎሚ አይፈሱበትም። ሰም ወይም ጋዝ መቀባትም ደጃፍ ላይ አይሆንም፤ አቧራ ይይዛል፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ነጭ ጨው ሲወጣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ውሃ ከተደፋበት ተሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ማሸጊያ ፈሳሽ መቀባት የሚፈልግ ሰው እርጥበት የሚያሳልፈውን ዓይነት ይምረጥ፤ ሲሚንቶው 28 ቀን ሳይሞላውም አይቀባ።

ለዚህ ደጃፍ የቀረው አስቸኳይ ሥራ የመቀርቀሪያው ማረፊያ ነው። የገባው አሁንም ተራ ብረት ነው። በነሐስ ወይም በማይዝግ ብረት ቧንቧ መተካት አለበት፤ ከሥሩ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ በዙሪያው ደግሞ 2 ሚ.ሜ. ክፍተት ተትቶ በሲሊኮን መሞላት ይኖርበታል፤ ግራውት በቀጥታ ቧንቧውን መንካት የለበትም። ከሰኔ በፊት ቢደረግ መልካም ነው።